የድኻ ሰው ፈረስ

በአገራችን አንድ የቆየ በሽታ አለ። በተሠራው ነገር እንኮራለን፤ የሠራውን እጅ ግን እንንቃለን። ማረሻውን የቀጠቀጠውን ባለሙያ «ቡዳ» ብለን ከማዕዳችን ስናርቅ ኖረናል፤ በማረሻው የተመረተውን እህል ግን ያለ ኀፍረት በልተናል። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት በሽታው ሥር የሰደደ ስለ ነበር ነው። ዛሬ ቀጥቃጩን በአደባባይ የሚሰድብ ቀንሷል። ንቀቱ ግን አልሞተም፤ ቤት ቀይሮ ጋራዥ ገብቷል።

ይህን ንቀት ልሟገተው ተነሥቻለሁ። ሙግቴን የምይዘውም ብዙዎች ከቁም ነገር በማይቆጥሩት ጉዳይ ላይ ነው፦ ርካሽና አሮጌ መኪናን በገዛ እጅ አዘጋጅቶ ለአማተር ውድድር ማሰለፍ፤ ያውም በጋምቤላ። አንባቢዎቼ ፈገግ እንደምትሉ አውቃለሁ። ፈገግታችሁን ያዙልኝና ክሶቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

የመጀመሪያው ክስ «የመኪና ውድድር የሀብታም ልጅ ጨዋታ ነው» ይላል። ይህ ውድድርን በቴሌቪዥን መስኮት ብቻ የሚያውቅ ሰው ፍርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የሞንቴ ካርሎን ራሊ ያሸነፈችው ሚኒ ኩፐር ሞተሯ 1,071 ሲሲ ብቻ ነበር፤ ሁለተኛ የወጣው ፎርድ ፋልከን 4.7 ሊትር ሞተር ተሸክሞ ነው የተሸነፈው። ወደ ጎረቤታችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1962 የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ራሊ ያሸነፈችው እኛ «ቮልስ» እያልን የምንጠራት፣ አዲስ አበባ ላይ የመምህርና የጸሐፊ መኪና የነበረችው ቮልስዋገን ናት። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1965 ያሸነፈው ደግሞ በጋራዥ ውስጥ ያደገው ኬንያዊው ጆጊንደር ሲንግ ነው። የነዳት ቮልቮ ፒቪ 544 ከፋብሪካ የወጣች ሙሽራ አልነበረችም፤ ሌሎች ተወዳድረውባት ያለፉ፣ ያገለገለች መኪና ነበረች። ኬንያውያን ይህን ሰው አንበሳ ብለው የጠሩት ስለ ገንዘቡ አይደለም።

ከዚህ የባሰም አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2006 «ትዌንቲ ፎር አወርስ ኦፍ ሌመንስ» የሚባል ውድድር ተጀመረ። አሜሪካኖች ውልቅልቋ የወጣ መኪናን «ሎሚ» ይሏታል፤ ስሙ በታዋቂው የፈረንሳይ የለ ማን ውድድር ላይ የሚያሾፍ ነው። ደንቡ ተወዳዳሪው ለመኪናዋ ከ500 ዶላር በላይ እንዳያወጣ ያዝዛል። ለነጂው ደኅንነት የሚወጣው ወጪ፣ ማለትም የብረት ማቀፊያው፣ መቀመጫው፣ ቀበቶውና ፍሬኑ፣ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ነው። ደንቡን ልብ ብላችሁ አንብቡት። ለትዕቢት የሚወጣው ገንዘብ ተገድቧል፤ ለሕይወት የሚወጣው ገን አልተገደበም። ስንት መሥሪያ ቤት ነው በጀቱን በዚህ ጥበብ የሚመድበው?

ቅኔ የቀመሰ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው። ባለቅኔው ግን ጠባብነቱን አይረግምም፤ ባለቅኔ የሚያሰኘው ራሱ ጠባብነቱ ነውና። ሰፊ ሜዳ ላይ ቃላት መበተን ማንም ይችላል። በሁለት ቤት ውስጥ ሰምና ወርቅ ማስቀመጥ ግን ሙያ ይጠይቃል። ለርካሽ መኪናም ገደቡ እንደዚሁ ነው። ገንዘብ ሲታገድ የሚቀረው ዕውቀት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጠላቴ ከራሳችን ሠፈር የወጣ ነው። መኪና «ሞዲፋይ» አደረግሁ ብሎ የማርሚታውን ሆድ ዕቃ አውጥቶ የሚያስጮህ፣ ሞላውን በመጋዝ ቆርጦ መኪናዋን የሚያንበረክክ፣ ከኋላዋ ለጌጥ ክንፍ የሚለጥፍ፣ ከዚያም እኩለ ሌሊት ላይ ሰው በሚሻገርበት አስፋልት የሚሽቀዳደም ጎረምሳ ነው። እርሱ ከተወዳዳሪ አይቆጠርም። የሰው ሕይወት ሲያስይዝ ከሌባ ቁማርተኛ በምን ይሻላል? መኪናዋም አልተሻሻለችም፤ ተኳኳለች እንጂ።

እውነተኛው ዝግጅት በሦስት ቃላት ይጠቃለላል፦ ማቅለል፣ ማቆም፣ ማቀዝቀዝ።

ማቅለል ከሁሉ ይቀድማል፤ ርካሹም እርሱ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ባለ 1 ሊትር ሞተሯ 70 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው፤ ክብደቷ ከ900 ኪሎ ግራም ብዙም አይርቅም። የኋላ መቀመጫው፣ ምንጣፉ፣ የበሮቹ ሽፋን ይውጣ። የወጣው ኪሎ ነዳጅ አይጠጣም፣ አይበላሽም፣ መለዋወጫ አይጠይቅም። ጉልበት ሳይገዛ ጉልበት ተገኘ ማለት ነው።

ማቆም ከመሮጥ ይበልጣል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቅበታል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መመዘኛው ወደ 140 ይወርዳል። የዶት 4 መመዘኛ 230 እና 155 ነው። ዘይቱ ሲፈላ በቧንቧው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል። ያን ጊዜ ነጂው ፍሬኑን ሲረግጥ እግሩ ወለል ይነካል፤ መኪናዋ ግን አትቆምም። ክንፍ ለመለጠፍ ገንዘብ ያገኘና የፍሬን ዘይቱን ከገዛ ጀምሮ ያልቀየረ ሰው በምን ሚዛን ባለሙያ ይባላል?

ማቀዝቀዝ ላይ ስንደርስ ጋምቤላ የራሷን ሕግ ታወጣለች። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ፣ ጋምቤላ ከተማ 500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ከደጋ ወደ ባሮ ዳር የወረደ ሞተር የሚስበው አየር በግፊቱ ልዩነት ሩብ ያህል ይከብዳል፤ የቆላው ሙቀት ከዚያ ከፊሉን ቢነጥቀውም አንድ አምስተኛ የሚጠጋ ትርፍ ይቀራል። ይህ ለሞተሩ በረከትም ፈተናም ነው። ለደጋ አየር በተስተካከለ ካርቡራተር የምትሠራ አሮጌ ኮሮላ ቆላ ስትወርድ አየሩ ይበዛባታል፤ ነዳጁ ያንሳታል። ነዳጅ ያነሰው እሳት ደግሞ ይግላል፤ ሲብስም ፒስተን ያቀልጣል። በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ደካማ ራዲያተር ምሕረት አያገኝም። ስለዚህ የጋምቤላ መካኒክ የአዲስ አበባውን መካኒክ መቅዳት አይችልም። የነዳጁን ቀዳዳ በራሱ አየር ልክ ይመጥናል፣ ራዲያተሩን ያሰፋል፣ ማራገቢያውን ይፈትሻል፣ አቧራ የበላውን የአየር ማጣሪያ ይለውጣል። ይህ በመጽሐፍ ያልተጻፈ የአካባቢ ዕውቀት ነው። እኛ የጻፍነውን ብቻ ዕውቀት ስለምንል ስም አልሰጠነውም።

ከሦስቱ በላይ የነጂው ነፍስ አለ። መኪናዋ ብትገለበጥ ጣራውን የሚሸከም የብረት ማቀፊያ ያስፈልጋል። የውሃ ቧንቧ በይዶ «ኬጅ ሠራሁ» ማለት የሬሳ ሣጥን ማስጌጥ ነው። ስፌት የሌለው የብረት ቱቦ፣ ወለሉ ላይ የተዘረጋ ጠንካራ ላሜራ፣ እጁ የታመነ በያጅ፣ ትከሻና ወገብ የሚይዝ ቀበቶ፤ እነዚህ ካልተሟሉ መኪናዋ አትነሣ።

ሦስተኛው ክስ ከሁሉ የከበደ ነው፤ ስለዚህም በአክብሮት እመልስለታለሁ። «ጋምቤላ ስንት ችግር እያለባት ስለ ጨዋታ ታወራለህ?» ይሉኛል። ችግሩ እውነት ነው። ክልሉ ከ300 ሺህ በላይ የደቡብ ሱዳን ስደተኞችን አስጠልሏል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. ከተማዋ መካከል ተኩስ ተሰምቷል። ባሮ በክረምት ሲሞላ መንደሮችን ያጥለቀልቃል። እኔ ግን እጠይቃለሁ፤ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በራቀች ከተማ አምቡላንሱ ሲቆም የሚያስነሣው ማን ነው? የውሃ ፓምፑን፣ የሆስፒታሉን ጄኔሬተር የሚጠግነው ማን ነው? መለዋወጫው እስኪመጣ ሳምንት ሲፈጅ ካለው ብረት የሌለውን የሚፈጥረው ያው በግራሶ የተለቀለቀው፣ እኛ ስሙን የማንጠይቀው እጅ ነው። ውድድር የዚህ እጅ ፈተናም ምርቃትም ነው። መኪና በአጭር ሩጫ ውስጥ ከባድ ድካም ታያለች፤ የተደበቀ የሥራ ጉድለት ሁሉ ሜዳ ላይ ይወጣል። የአኙዋ፣ የኑዌር፣ የመዠንግርና የደገኛ ልጆች አንድ ሞተር ከፍተው ሲከራከሩ ስለ ምን እንደሚከራከሩም ይታያችሁ፤ ስለ ቫልቭ ነው።

ጋምቤላ ለሞተር እንግዳ አይደለችም። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር የተደረገው ስምምነት መነሻ ሆኖ የወንዝ ወደብ የሆነች፣ ባሮ በሚሞላበት ወራት ከካርቱም የእንፋሎት መርከብ የምትቀበልና የምዕራቡን ቡና የምትሸኝ ከተማ ነበረች። ማሽን ሲያፏጭ መስማት ከብዙ ከተሞቻችን ቀድማ ለምዳለች።

«ቪትዝ ዛሬ ርካሽ አይደለችም» የሚለኝም ይኖራል። ልክ ነው። አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ የኤክሳይስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ታገደ። ትንሿ መኪና ቅርስ ልትሆን ምንም አልቀራት። እኔ የማወራው ግን ስለ ተጋጨችውና ስለ ተጣለችው፣ በየግቢው ሣር ስለ በቀለባት መኪና ነው። ነገ ሁሉም በኤሌክትሪክ ቢሄድ እንኳ ፍሬን ፍሬን ነው፤ ሚዛንም ሚዛን ነው፤ እጅም እጅ ነው።

አሁን ወደ እኛ፣ ጽሑፍ ወዳጅ ነን ወደምንለው፣ ልዙር። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ማርሚታ፣ ቸርኬ፣ ፓራውልት። እነዚህን ቃላት ከጣልያን ምላስ ነጥቆ አማርኛ ያደረጋቸው የቋንቋ አካዳሚ ሳይሆን መካኒኩ ነው። ልብ ወለዳችን ጠጅ ቤቱንና ቤተ መንግሥቱን እንደ መዳፉ ያውቃል፤ ጋራዥ ገብቶ ስንት ጊዜ እጁን አቆሸሸ? ቋንቋን የሚያበለጽግ ሰው በቋንቋው ውስጥ ቦታ ከተነፈገ፣ የቀጥቃጩን ታሪክ በአዲስ ብዕር ደገምነው ማለት ነው።

ሐሳቤ ትንሽ ነው። በበጋ፣ ምድሩ በደረቀበት ወቅት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ በግሬደር የተደለደለ አንድ የዐፈር ዙር ይበቃል። መኪኖቹ አይጋፉ፤ አንዷ ብቻዋን ከሰዓት ጋር ትሩጥ። ተመልካቹ ከዐፈር ክምር ጀርባ ይቁም፤ እሳት ማጥፊያና አምቡላንስ ሳይቀርብ ሞተር አይነሣ። የወጪ ጣሪያ ይቀመጥ፤ ለደኅንነት የሚወጣው አይቆጠር። መኪናዋን እዚያው ጋምቤላ ያለ ጋራዥ ይሥራት። ያሸነፈውም ኮፈኑን ከፍቶ ሥራውን ለሁሉ ያሳይ፤ የተሸነፈው ተምሮ ይመለስ ዘንድ።

ንጉሦቹን በፈረሳቸው ስም የጠራን ሕዝብ ነን። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ምኒልክን አባ ዳኘው ብለናል። በጉግስ ሜዳ ላይ ፈረሱንም ፈረሰኛውንም አወድሰናል፤ ኮርቻውን የሰፋውንና ልጓሙን የቀጠቀጠውን ግን ማን ብለን ጠራነው? የድኻ ሰው ፈረስ ዛሬ አራት ጎማ አላት። ሜዳ ስጧት። ስም ስታወጡላት ደግሞ ከነጂው አስቀድማችሁ የሠራትን ሰው ጥሩ።