በወርዋሪው ፊት የሚቆሙት አምስቱ

አንባቢ ሆይ! ዛሬ ስለ ኳስ እናውጋ ስልህ በየሜዳው የምታውቀው የእግር ኳስ እንዳይመስልህ። ነገሩ አሜሪካኖች «ፉትቦል» ስለሚሉት፥ ጫፍና ጫፉ ስለሾለው፥ አብዛኛውን ጊዜም በእጅ ስለሚያዘው ኳስ ነው። እግር ብዙም ሳይነካው ለምን እንዲህ እንዳሉት ስም አውጪዎቹን ጠይቃቸው።

በዚህ ጨዋታ ኳሱን ለጓደኞቹ የሚወረውረው ሰው ኳርተርባክ ይባላል። ዝናውም፥ ገንዘቡም፥ በጋዜጣ የሚወጣው ፎቶግራፍም የእርሱ ነው። ይሁን እንጂ ኳሱን ተቀብሎ፥ አይቶና አስቦ እስኪወረውር ድረስ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ሁለት ሰከንድ ተኩል ወይም ሦስት ቢሆን ነው። ያችን ጥቂት ጊዜ የሚያስገኙለት ከፊቱ የተደረደሩት አምስት ግዙፋን ናቸው፤ በመካከል ሴንተሩ፥ በግራና በቀኙ ሁለት ጋርዶች፥ ከእነርሱ ውጭ ዳርና ዳር ሁለት ታክሎች። ብዙዎቹ ከ130 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ባላጋራን መግፋት እንጂ ጨምድዶ መያዝ አይፈቀድላቸውም፤ የተወረወረ ኳስ መቅለብም እንደ ደንቡ የእነርሱ ድርሻ አይደለም። ስማቸው በድምፅ ማጉያ የሚጠራው ባብዛኛው ሲያጠፉ ነው። እንዴት ያለ እንጀራ ነው!

የካንሳስ ሲቲ ቺፍስ ክለብ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2020 ከኳርተርባኩ ከፓትሪክ ማሆምስ ጋር 450 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ የ10 ዓመት ውል ተፈራረመ። በዚያው ዓመት ጋርዱ ሎረን ዱቨርኔ-ታርዲፍ፥ የሕክምና ዶክተር ነውና፥ በወረርሽኙ ምክንያት ጨዋታውን ትቶ በአገሩ በካናዳ ሕሙማንን ሊረዳ ሄደ። (እንዲህ ላለው ሰው ብድግ ብሎ እጅ መንሣት ይገባል።) ቀጥሎም ሁለቱ የዳር ታክሎች፥ ኤሪክ ፊሸርና ሚቸል ሽዋርትዝ፥ ተጎድተው ወጡ። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2021 ሱፐር ቦውል ለሚባለው የዋንጫ ግጥሚያ ከታምፓ ቤይ ጋር ሲገናኙ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ሰው ወደ ኋላና ወደ ጎን ሲሸሽ አመሸ። 31 ለ 9 ተሸነፉ።

አንባቢዬ፥ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር? እነርሱ ሁለቱንም ታክሎች አሰናብተው አጥሩን እንደ አዲስ አጠሩ። ጆ ቱኒን በ80 ሚሊዮን ዶላር ውል፥ ኦርላንዶ ብራውንን በልውውጥ አመጡ፤ ከዩኒቨርሲቲ ክሪድ ሀምፍሬንና ትሬ ስሚዝን መረጡ። ስሚዝ በተማሪነቱ በሳንባው ላይ የደም መርጋት ደርሶበት ስለ ነበር ክለቦቹ ሁሉ እየፈሩ አልፈውት የተመረጠው በስድስተኛው ዙር ነው። ይኸው የተፈራው ልጅ በ2025 የ94 ሚሊዮን ዶላር ውል ፈረመ! ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2023 ደግሞ በዚያው የጨዋታ ዘመን በመደበኛው ውድድር ኳርተርባኮችን 70 ጊዜ የጣለው የፊላዴልፊያ ቡድን ማሆምስን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጥለው 38 ለ 35 ተሸነፈ።

ምሥጢሩ ጉልበት ብቻ አይደለም። አጥቂዎቹ መንገድ እየተለዋወጡ ሲመጡ አንዱ ዘብ የያዘውን ለጎረቤቱ አስረክቦ ሌላውን መቀበል አለበት፤ ዞሮ ለማየት ጊዜ የለም። ይህም አብሮ በመቆም ብዛት የሚገኝ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከቦታው ሲነሣ የሚከፈተው ቀዳዳ ሁለት ነው።

በ2024 መጨረሻ የደረሰባቸው ይኸው ነው። በቀኝ እጁ የሚወረውረው ማሆምስ ጀርባው የሚዞረው ወደ ግራ ነውና የግራው ታክል የማይታየውን ጠላት ጠባቂ ነው። እዚያ የሚበቃ ሰው ቢያጡ ጋርዱን ቱኒን ወስደው አቆሙት፤ ከደህናው አጥር እንጨት ነቅሎ የፈረሰውን እንደ መድፈን ማለት ነው። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2025 ያው የፊላዴልፊያ ቡድን ማሆምስን ስድስት ጊዜ ጥሎ 40 ለ 22 አሸነፈ።

በማርች ቱኒን ለቺካጎ ሰጡት። በኤፕሪልም የመጀመሪያ ዙር ምርጫቸውን ያዋሉት የግራ ታክል ለሆነው ለጆሽ ሲመንስ ነው።