ልበ ቮልስ እና ልብሰ ቮልስ

ግጥም ጠብቃችሁ ከነበረ ይቅርታችሁን እየጠየቅሁ፣ የዛሬው ጽሑፌ ስለ ሞተር ነው። ጠቡ ግን ውሎ አድሮ የቃል ጠብ ስለሆነ ከሰፈራችን እጅግም አልራቅንም።

ለጠብ ያነሳሳኝ «እድሳት» የሚለው ቃል ነው። ሰው አሮጌ ቮልስ ይገዛል፤ ቆርቆሮዋን ያስቀጠቅጣል፣ ቀለም ያስቀባል፣ ወንበሯን አዲስ ቆዳ ያለብሳል። በመጨረሻም ሞተሯን አስወርዶ የቶዮታ ሞተር፣ አለዚያም ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ያስገጥምና «አደስኳት» ይላል። አላደስካትም ወንድሜ! ቆዳዋን ገፈህ ለሌላ አልብሰሃል። በፊታችን ያቆምከው ልብሰ ቮልስ እንጂ ልበ ቮልስ አይደለም።

«መልኳ እስካለ ድረስ እሷው አይደለችም ወይ?» ይሉኛል። ይህን የሚጠይቅ ሰው መልኳ ከየት እንደ መጣ ልብ አላለም። ቮልስ ግንባሯ ላይ ፍርግርግ የሌላት ለቁንጅና ተብሎ አይደለም፤ ራዲያተር ስለሌላት ነው። ራዲያተር የሌላት ሞተሯ የሚቀዘቅዘው በውሃ ሳይሆን በአየር ስለሆነ ነው። ከኋላ መስታወቷ ሥር በተርታ የተሰነጠቁት ቀጫጭን ቀዳዳዎች ጌጥ አይደሉም፤ ማራገቢያው ትንፋሹን የሚስብባቸው አፍንጫዎች ናቸው። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ ተጋድመዋል። ሞተሩ በጠቅላላው ከ100 ኪሎ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘውም በአራት ብሎን ብቻ ነው። ከመታጠፊያው ሳትወጣ፣ ዓይናችን ሳያያት «ቮልስ መጣች» የሚያሰኘን ድምፅ የሚወለደው ከዚሁ አቀማመጥ ነው። ፈርዲናንድ ፖርሸና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲነድፏት ሞተሩንና ቆርቆሮውን አንድ ላይ አሰቧቸው። አንዱን ነቅሎ ሌላውን «እሷው ናት» ማለት፣ የአንድን ግጥም ቤት መምቻዎች ብቻ አስቀርቶ ስንኞቹን በሌላ ሰው ስንኝ እንደ መተካት ነው።

በእኛ አገር ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወርደው ከቤተ መንግሥት ሲወጡ የተሳፈሩት በቮልስ ነበር። ያች መኪና ለእድሳት ብትሰጥ፣ ማን ደፍሮ ሞተሯን ለብረት ነጋዴ ሸጦ በቦታው ባትሪ ይደረድራል? «የእኔዋ ንጉሥ አልጫነችም» የሚል ካለ፣ መምህር ጭናለች፣ አዋላጅ ጭናለች፣ ሙሽራ ጭናለች እለዋለሁ። እነዚያም ሰዎች የሄዱት በዚያው ድምፅ ነው።

ስለ ቶዮታው ሞተር ብዙ አልደክምም። ውሃ የሚጠጣ ሞተር ከኋላ ሲገባ ራዲያተር ይከተላል፤ ራዲያተሩ ከፊት ከተቀመጠ ቱቦው በሆዷ ሥር ይሳባል፤ ሞተሩ አልበቃ ሲል የኋላ ቆርቆሮዋ ይቆረጣል፤ ለሌላ ጉልበት የተሠሩት ካምቢዮና ፍሬንም በተራቸው ይለወጣሉ። በአንድ ሞተር የተጀመረው የዳቦ ስም ሳይወጣለት ሌላ መኪና ሆኖ ያርፋል።

ክብር ያለው ተከራካሪዬ የኤሌክትሪኩ ወገን ነው። የሚያቀርበውም ምክንያት ተራ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ተመርቋል፤ የቤንዚን ሰልፍ ምን እንደሚመስል ደግሞ ለአዲስ አበባ ሰው አይተረክም። ቮልስዋገን ኩባንያው ራሱ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2019 በፍራንክፈርት ትርኢት ላይ በባትሪ የሚሄድ ቮልስ አሳይቷል። ሆኖም የዚያችን መኪና ቁጥሮች እንያቸው፦ ክብደቷ 1,280 ኪሎ ነው። የጥንቷ ቮልስ 800 ኪሎ ገደማ ነበረች። ግማሽ ቶን የሚጠጋ ሸክም ተጨምሮ፣ ፍሬኑና ከርከሶው ተለውጦ፣ ድምፁ ጠፍቶ ምን ቀረ? መልክ። ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ስሙን ግን እነፍገዋለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና የሚወድ ሰው የኤሌክትሪክ መኪና ይግዛ፤ ሞልቷል። ከተማው በጭስ ታፈነ ተብሎ በእሑድ እሑድ ብቻ ከግቢ በምትወጣ ቮልስ ላይ ሲፈረድ ግን፣ በየዳገቱ ጥቁር ደመና እየተፉ የሚወጡትን የናፍጣ መኪኖች ማን አየልኝ?

እንዲህ ስል የሚያጨበጭቡልኝ ሌሎች ወገኖች አሉ፤ ከእነሱም ጋር አልስማማም። እነዚህ የቁጥር ምእመናን ናቸው። በሊብሬው ላይ የተጻፈውና በሞተሩ አካል ላይ የተመታው ቁጥር ካልተመሳሰለ መኪናዋ ሞታለች ባዮች። የቮልስ ሞተር አካል ከማግኒዚየም ቅይጥ የተሠራ ቀላል ነገር ነው፤ ሙቀትና ዘመን ሲፈራረቁበት ይሰነጠቃል፣ መቀመጫው ይላላል፤ በሞረድና በብየዳ የማይድንበት ቀን ይመጣል። ያን ጊዜ እነዚህ ሰዎች መኪናዋን በሸራ ሸፍነው የማይመጣ ተአምር ይጠብቁላታል፤ ድመት ትወልድባታለች።

እኔ በባንክ መስኮት ፊርማ ሳመሳክር የምውል ሰው ነኝና አንድ ነገር ልንገራቸው። የአንድ ሰው ሁለት ፊርማ ፈጽሞ አይመሳሰልም፤ ከተመሳሰለማ የምንጠረጥረው ያን ጊዜ ነው። የምንፈልገው እጁን ነው። ፋብሪካው ራሱ ያረጀ ሞተር ተቀብሎ በምትኩ የታደሰ ሞተር ሲሰጥ ኖሯል፤ ቁጥሩ ተለወጠ ብሎ ያለቀሰ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2012 በዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን የጸደቀው የቱሪን ቻርተርም ቢሆን፣ የሚደረግ ለውጥ ተመዝግቦ የሚታወቅና ወደ ነበረበት ሊመለስ የሚችል እንዲሆን ነው የሚመክረው። በአራት ብሎን የገባ የዚያው ዘር ሞተር በአራት ብሎን ይወጣል። ከዚህ የበለጠ መመለሻ ያለው ለውጥ የት ይገኛል?

እንግዲህ የትኛው ሞተር ይግባ? በ1200 ሞተር የተወለደች ቮልስ ሞተሯ ከእንግዲህ የማይድን ከሆነ፣ እኔ እ.ኤ.አ. ከ1970 ወዲህ የወጣውን የ1600 ሞተር እመርጥላታለሁ። ምክንያቴ የፍጥነት ጥማት አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሯ ስለሳሳ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን እዚህ ያጣል። የ1200ው 34 የፈረስ ጉልበት ወደ 27 ይወርዳል፤ የ1600ው 50 ደግሞ ወደ 40። ስለዚህ ትልቁ ሞተር በእኛ ዳገት ላይ የሚሰጠው፣ ትንሹ በተወለደበት አገር ከሚሰጠው እምብዛም አይበልጥም። ለቮልስ የመለስንላት የራሷን ጉልበት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው በማራገቢያው ቤት ውስጥ ቆሞ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ይጋርድ ነበር፤ የቮልስ መካኒክ ሁሉ ሦስተኛውን በጥርጣሬ የሚያየው ለዚህ ነው። በ1600ው ማቀዝቀዣው ወደ ውጭ ወጥቶ የራሱ መንገድ ተሰጥቶታል። አየሩ በሳሳበት አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። መኪናዋ የ6 ቮልት ዘመን ከሆነች ቮላኖው አይገጥምም፦ የአሮጌው ጥርስ 109፣ የአዲሱ 130 ነው። ሞተሪኖው ይለወጣል፣ የካምቢዮው ቤትም ከውስጥ ጥቂት ይሞረዳል። የምፈቅደው ሞረድ ይህን ብቻ ነው። ካርቡሬተሩም ለሳሳው አየር በሚስማማ መጠን ቤንዚኑ ይቀነስለት፤ እንደ ጀርመን ሜዳ የተለካ ቤንዚን እዚህ ጥቁር ጭስ ነው የሚሆነው። የሞተር ለውጡንም በሕጉ አስመዝግቡ።

ስለ እነዚህ ስሞች አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞተሪኖ፣ ቴስታታ… ጀርመን የሠራውን ሞተር በጣሊያን ቃል ጠርተው በአማርኛ ሰዋስው ያስተዳደሩት የጋራዥ ሰዎቻችን ናቸው። መዝገበ ቃላት አልጻፉም፤ እጃቸው ግን ያውቃል። የቮልስ ቫልቭ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት መስተካከል አለበት፤ ክፍተቱ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው። ያን ክፍተት በጆሮ የሚለዩ ሽማግሌዎች አሁንም አሉ፤ ቁጥራቸው ግን በየዓመቱ ይመናመናል። ባትሪ የተገጠመላት እያንዳንዷ ቮልስ ከአጠገባቸው አንድ ተማሪ ታስነሳለች። እኔን የሚያስቆጣኝ ከቆርቆሮውም ከድምፁም በላይ ይህ ነው።

በቮልሱ እንጀራ የሚበላ፣ በየማለዳው ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስባት ሰው የፈለገውን ሞተር ቢገጥም አልነቅፈውም፤ ኑሮ ነው። ከእሱ የምለምነው ሁለት ነገር ብቻ ነው። ሊሸጣት ባለ ጊዜ ለገዢው የኋላ ኮፈኗን ከፍቶ ያሳየው። የወረደውን ሞተር ደግሞ ቁራሌው በበሩ ሲያልፍ ጠርቶ በኪሎ አይስጥ። እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልሶች ተሠርተዋል፤ ከእነሱ አንዷ በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በሸራ ሥር፣ አካሉ የተሰነጠቀ ሞተር ታቅፋ ቆማለች። ባለቤቷ በየጋራዡ እየዞረ የሚጠይቀው ያንኑ ሞተር ነው።