የስማርት ስልክ ኩባንያዎች ፈጠራ፦ ቆሟል ወይስ አቅጣጫውን ቀይሯል?

መግቢያ

አፕል፣ ሳምሰንግና ጉግል በየዓመቱ አዲስ ስልክ ለገበያ ባቀረቡ ቁጥር አንድ ክርክር ተመልሶ ይነሣል። አንዱ ወገን አዲሱ ስልክ ከአምናው የሚለየው በጥቂቱ በተሻሻለ ካሜራና በተለወጠ ቀለም መሆኑን እያመለከተ «ከእጅ አይሻል ዶማ» ይለዋል። ሌላው ወገን የቺፑን ፍጥነትና የኃይል ቁጠባ እየጠቀሰ ፈጠራው ከመቼውም ጊዜ ይልቅ መፋጠኑን ይናገራል። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ የሚለኩት ነገር ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው ተጠቃሚው ያገኘውን አዲስ አቅም ይለካል፤ ሁለተኛው ኩባንያው ያፈሰሰውን የምህንድስና ጥረት ይለካል።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሚከተለው ነው። የስማርት ስልክ ኩባንያዎች መፍጠር አላቆሙም። እጅግ የቀዘቀዘው ለተጠቃሚው ከዚህ በፊት ያልነበረውን አቅም የሚሰጠው የፈጠራ ዓይነት ነው። የተቀረው ጉልበት በከፊል በዓይን ወደማይታየው የመሣሪያው ውስጣዊ ክፍል፣ በከፊል ደግሞ የተያዘን ገበያ ወደ መጠበቅ ዞሯል። ይህን ልዩነት መለየት ለተመራማሪዎች የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የምርምር ርዕስ የሚመረጥበትን መነሻም ይነካል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የፈጠራ መለኪያው

የምጣኔ ሀብት ሊቁ ጆሴፍ ሹምፔተር በ1911 ባሳተመው የኢኮኖሚ ዕድገት ንድፈ ሐሳቡ ፈጠራን የነባር ነገሮች አዲስ ቅንጅት አድርጎ ይመለከተዋል። አዲስ ምርት፣ አዲስ የአመራረት ዘዴ፣ አዲስ ገበያ፣ አዲስ የጥሬ ዕቃ ምንጭና አዲስ የኢንዱስትሪ አደረጃጀት ሁሉም በዚህ ሥር ይጠቃለላሉ። በዚህ መለኪያ ሲታይ አንድን ቺፕ በአነስተኛ ኃይል እንዲሠራ ማድረግም፣ አዲስ የሽያጭ ሥርዓት መዘርጋትም እኩል ፈጠራ ነው። ክሌይተን ክሪስተንሰን በ1997 በጻፈው መጽሐፍ ደግሞ ነባር ደንበኞች የሚወዱትን ምርት የሚያሻሽለውን ፈጠራ፣ መጀመሪያ ደካማና ርካሽ መስሎ ገብቶ በኋላ ገበያውን ከሚገለብጠው ለይቷል። በእርሱ ትንታኔ ታላላቅ ኩባንያዎች የሚሸነፉት በስንፍና አይደለም፤ ምርጥ ደንበኞቻቸውን በሚገባ ስለሚያዳምጡና ከእነርሱ ውጭ ያለውን ስለማያዩ ነው።

ሁለቱም ንድፈ ሐሳቦች የተነሡት ከድርጅቱና ከገበያው አንጻር ነው። በተጠቃሚው በኩል ለሚቆም ሰው ግን ሦስተኛ መለኪያ ያስፈልጋል። አማርትያ ሴን ልማት ሰዎች ሊሆኑና ሊያደርጉ በሚችሉት ነገር እንዲለካ እንደተከራከረው ሁሉ፣ የመሣሪያ ፈጠራም ሰውየው ትናንት ሊያደርገው ያልቻለውን ዛሬ እንዲያደርግ በማስቻሉ ሊለካ ይችላል። የሚከተለው ግምገማ የተመሠረተው በዚህ መለኪያ ላይ ነው።

ከ2007 ወዲህ

አፕል የመጀመሪያውን አይፎን በጥር 2007 ሲያስተዋውቅ መሣሪያው ብዙ ጉድለት ነበረበት። ካሜራው 2 ሜጋፒክስል ብቻ ነበር፤ የሦስተኛው ትውልድ ኔትወርክ አልነበረውም፤ ከሌሎች ገንቢዎች የሚመጣ መተግበሪያም አይጭንም ነበር። ይሁን እንጂ ሙሉውን ኢንተርኔት በጣት በሚነካ ስክሪን ኪስ ውስጥ አስገባ። በሐምሌ 2008 የመተግበሪያ መደብሩ በ500 ያህል መተግበሪያዎች ሲከፈት፣ የስልኩ ጥቅም አምራቹ ካሰበው ወሰን አለፈ። በእነዚያ ዓመታት ካርታ፣ ካሜራ፣ ባንክና የትራንስፖርት ጥሪ በአንድ መሣሪያ ተጠቃለሉ።

የኋላው ዐሥር ዓመት ከዚህ ጋር ሲነጻጸር የማሻሻያ ዘመን ነው። በ2013 የመጣው የጣት አሻራ መለያ በ2017 በፊት መለያ ተተካ፤ ካሜራው ከአንድ ወደ ሁለት፣ ከዚያም ወደ ሦስት ሌንስ አደገ፤ ሳምሰንግ በ2019 የሚታጠፍ ስልክ ለገበያ አቀረበ። እነዚህ ሁሉ ጠቃሚ ናቸው፤ ነገር ግን ባለቤቱ ቀድሞ ያደርግ የነበረውን በተሻለ መንገድ እንዲያደርግ የሚረዱ ናቸው። ገበያውም ይህን ያንጸባርቃል። በአይ.ዲ.ሲ. የገበያ ጥናት ድርጅት መረጃ መሠረት በ2016 ወደ 1.47 ቢሊዮን ደርሶ የነበረው የዓለም ዓመታዊ የስማርት ስልክ አቅርቦት በ2023 ወደ 1.17 ቢሊዮን ወርዷል። ለዚህ የዋጋና የምጣኔ ሀብት ሁኔታ ድርሻ አለው፤ ሰዎች ስልካቸውን ለረጅም ጊዜ ይዘው መቆየታቸው ግን በእጃቸው ያለው ስልክ እንደሚበቃቸው ያመለክታል።

በዓይን የማይታየው ሥራ

«ፈጠራ ሞቷል» የሚለው ፍርድ የሚፈርሰው የስልኩ ክዳን ሲከፈት ነው። በ2013 የቀረበው የአፕል ኤ7 ቺፕ ከ1 ቢሊዮን ጥቂት የሚበልጡ ትራንዚስተሮች ነበሩት፤ በ2023 የቀረበው ኤ17 ፕሮ 19 ቢሊዮን ይዟል። እንዲህ ያለው ቺፕ የሚቻለው የኔዘርላንዱ ኤ.ኤስ.ኤም.ኤል. በሚሠራው ማሽን ነው። ማሽኑ በሰከንድ 50,000 የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታዎችን በሌዘር እየመታ የሞገድ ርዝመቱ 13.5 ናኖሜትር የሆነ ብርሃን ያመነጫል፤ በዚያ ብርሃን የቺፑ ንድፍ በሲሊከን ላይ ይታተማል። ይህ የዘመናችን ድንቅ የምህንድስና ውጤት ቢሆንም ለተጠቃሚው የጋን ውስጥ መብራት ነው።

ይህ ጥረት ዋጋው እየናረ መሄዱም ተጠንቷል። ኒኮላስ ብሉም፣ ቻርልስ ጆንስ፣ ጆን ቫን ሪነንና ማይክል ዌብ በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ ቺፕ ላይ ያሉትን ትራንዚስተሮች ብዛት በእጥፍ ለማሳደግ የሚያስፈልገው የተመራማሪ ቁጥር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከነበረው ከ18 እጥፍ በላይ ሆኗል። ስለዚህ የሚታየው መቀዝቀዝ በከፊል የኩባንያዎቹ ስንፍና ሳይሆን የመስኩ ብስለት ነው፤ ቀላሉ ፍሬ ተለቅሞ አልቋል። ይህን ሳይቀበል ኩባንያዎችን የሚወቅስ ክርክር ፍትሐዊ ሊሆን አይችልም።

ገበያን የመጠበቅ ፈጠራ

ይሁንና ብስለት ሁሉንም አያብራራም። አፕል በ2024 የሒሳብ ዓመት ለምርምርና ልማት ያወጣው ወደ 31 ቢሊዮን ዶላር ሲሆን፣ የራሱን አክሲዮን መልሶ ለመግዛት ያወጣው ወደ 95 ቢሊዮን ዶላር ነው። አክሲዮን መልሶ መግዛት በራሱ የፈጠራ ድክመት ማስረጃ አይደለም፤ ከምርምር ፍላጎቱ በላይ ገንዘብ የሚያገኝ ድርጅት ትርፉን ለባለአክሲዮኖች ቢመልስ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ከምርምር በጀቱ ሦስት እጥፍ የሚሆነውን ገንዘብ ለዚህ የሚያውል ኩባንያ፣ ሊደፍረው የሚፈልገው አዲስ ሐሳብ ከገንዘቡ ያነሰ መሆኑን በተግባር እየተናገረ ነው።

የባትሪው ታሪክ ይበልጥ ግልጽ ነው። አፕል በታኅሣሥ 2017 ባትሪያቸው ያረጀባቸውን አንዳንድ ስልኮች ድንገት እንዳይጠፉ ሲል በሶፍትዌር እንዳዘገመ አመነ፤ በቀጣዩ ዓመትም የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ከ79 ወደ 29 ዶላር ዝቅ አደረገ። በጥር 2019 የኩባንያው ሥራ አስፈጻሚ ቲም ኩክ ለባለሀብቶች በጻፉት ደብዳቤ ሰዎች አዲስ አይፎን መግዛታቸው ከቀነሰባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የባትሪ ቅናሽ መሆኑን ገለጹ። ለብዙ ተጠቃሚዎች በ29 ዶላር የተቀየረ ባትሪ የአዲሱን ስልክ ያህል አገልግሏል ማለት ነው። ኩባንያው ስልክ በመሸጥ የሚኖር እስከሆነ ድረስ፣ ስልክን በቀላሉ የሚያድሰው ፈጠራ ከገቢው ጋር ይጋጫል።

ለዚህም ነው ለተጠቃሚው ከጠቀሙት የቅርብ ጊዜ ለውጦች አንዳንዶቹ ከቤተ ሙከራ ይልቅ ከሕግ አውጪዎች የመጡት። አይፎን በ2023 የዩኤስቢ ሲ ገመድ መቀበል የጀመረው የአውሮፓ ኅብረት እስከ 2024 መጨረሻ አንድ ዓይነት የኃይል መሙያ መግቢያ እንዲኖር ካስገደደ በኋላ ነው። የኅብረቱ የባትሪ ደንብም ከየካቲት 2027 ጀምሮ የእጅ መሣሪያዎች ባትሪ በተጠቃሚው ሊቀየር የሚችል እንዲሆን ይጠይቃል። በአሜሪካም የጉግል የፍለጋ ሞኖፖሊ ክስ ሲታይ፣ ጉግል በ2022 ብቻ በአፕል መሣሪያዎች ላይ ቀዳሚ የፍለጋ ሞተር ሆኖ ለመቀመጥ 20 ቢሊዮን ዶላር መክፈሉ ተገልጿል። ይህ ገንዘብ የተከፈለው ለተሻለ ፍለጋ ሳይሆን ለቦታ ነው።

ተቃራኒ ማስረጃም አለ። አፕል በ2024 በ3,499 ዶላር ያቀረበው ቪዥን ፕሮ የተሰኘ የራስ ላይ መሣሪያ፣ ተቀባይነቱ ውስን ቢሆንም፣ አዲስ የምርት ዓይነት የመሞከር ድፍረት እንዳልጠፋ ያሳያል። ጉግልና ሳምሰንግም ለዋና ዋና ስልኮቻቸው የ7 ዓመት የሶፍትዌር ማሻሻያ ቃል ገብተዋል፤ ይህም ለባለቤቱ እውነተኛ ጥቅም ነው። እነዚህ ምሳሌዎች መከራከሪያውን አያፈርሱትም፤ ኩባንያዎቹ አቅሙ እንዳላቸውና ጉዳዩ የምርጫ መሆኑን ግን ያረጋግጣሉ።

ከትልቁ መድረክ ውጭ

አይፎን በተዋወቀበት በዚያው 2007፣ በመጋቢት ወር፣ ሳፋሪኮም በኬንያ ኤም-ፔሳን ጀመረ። አገልግሎቱ አዲስ ስልክ አላስፈለገውም፤ ገንዘብን በተራ ስልክና በሰፈር ወኪል አማካይነት አንቀሳቀሰ። ለሙከራውም የብሪታንያ መንግሥት የልማት ፈንድ ድጋፍ ነበረበት። ታቭኒት ሱሪና ዊልያም ጃክ በ2016 ባወጡት ጥናት ኤም-ፔሳ 194,000 የኬንያ ቤተሰቦችን ከድህነት እንዳወጣ ገምተዋል። በኢትዮጵያም ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2021 የጀመረው ቴሌብር *127# ብሎ በመደወል በተራ ስልክ መጠቀም ያስችላል። በተጠቃሚው አቅም ሲለካ ይህ ከብዙ የካሜራ ማሻሻያዎች ይበልጣል።

ቴክኖ የተባለውን ስልክ የሚያመርተው የቻይናው ትራንሽንም መነሻው ተመሳሳይ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ሲም ካርድ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ባትሪ፣ የጥቁር ሰው ፊት አጉልቶ የሚያሳይ ካሜራና የአማርኛ አጠቃቀም የመጡት የአፍሪካ ገዥ ምን እንደሚቸግረው ከመጠየቅ ነው። ክሪስተንሰን «ደካማና ርካሽ» ብሎ የገለጸው መግቢያ በር ይህ ነው። በአንጻሩ የአፕል የድምፅ ረዳት ሲሪ በ2011 ከቀረበ ከዐሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም አማርኛን ከሚያስተናግዳቸው ቋንቋዎች ውስጥ አላካተተም። ምክንያቱ የቴክኒክ አለመቻል ብቻ ነው ብሎ መቀበል ይከብዳል፤ ጉግል አማርኛን በትርጉም አገልግሎቱ ውስጥ ያስገባው በ2016 ነው።

ማርያና ማዙካቶ በ2013 ባሳተመችው መጽሐፍ ያስታወሰችው እውነታም እዚህ ላይ ይጠቅማል። ኢንተርኔት፣ የሳተላይት አቅጣጫ መጠቆሚያ፣ በጣት የሚነካ ስክሪንና የሲሪ ቴክኖሎጂ በከፍተኛ ደረጃ በመንግሥት ገንዘብ ከተደገፈ ምርምር የመነጩ ናቸው። አፕል ያደረገው፣ በሹምፔተር አነጋገር፣ ድንቅ ቅንጅት ነበር። ቅንጅት ግን የሚቀናጅ ነገር ይፈልጋል፤ የሚቀናጀውን ከሚያመነጩት ተቋማት አንዱ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ማጠቃለያ

ኩባንያዎች ፈጥረዋል ወይስ አልፈጠሩም የሚለው ጥያቄ እንዲህ በጥቅሉ ሲቀርብ መልስ የለውም። መልስ የሚያገኘው ወደ ሦስት ሲከፈል ነው፦ አዲሱ ነገር ተጠቃሚው ቀድሞ የማይችለውን ምን አስቻለው? መሣሪያው እንዲቆይና እንዲጠገን ያደርጋል ወይስ እንዲጣል? ጥቅሙ የሚደርሰው ለማን ነው፣ በየትኛውስ ቋንቋ? በእነዚህ ሲመዘኑ ታላላቆቹ ኩባንያዎች በምህንድስና ብርቱ፣ በዓላማ ግን ጠባብ ሆነው ይገኛሉ።

የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎች የመመረቂያ ርዕሳቸውን ከእነዚህ ኩባንያዎች ዓመታዊ ማስታወቂያ የሚቀዱ ከሆነ፣ የሚከተሉት ቀድሞውኑ የተያዘውን ገበያ ይሆናል። የአማርኛና የሌሎች የአገር ውስጥ ቋንቋዎች የድምፅ ማወቂያ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አገልግሎት፣ በሰፈር ጠጋኝ እጅ ሊታደስ የሚችል መሣሪያ ገና ባለቤት የሚሹ የምርምር መስኮች ናቸው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች እነዚህን የተዉአቸው ከባድ ስለሆኑ ብቻ ሳይሆን ለእነርሱ ትርፍ ስለማያስገኙ ነው። ለዩኒቨርሲቲ ግን ይህ ርዕሱን ለመተው በቂ ምክንያት ሊሆን አይገባም።