የባሕር ኤሊን መንገድ ስለ መከታተል

ኤሊ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የምትለን በቁጥቋጦ ሥር ቀስ እያለች የምታዘግመው፥ ሰው ሲነካትም ራስዋንና እግሮችዋን ወደ ቅርፊትዋ የምትሰበስበው የየብስ ኤሊ ናት። የባሕር ኤሊ ግን ራስዋን ወደ ውስጥ ለመሰብሰብ አትችልም። የፊት እግሮችዋ እንደ ጀልባ መቅዘፊያ የተዘረጉ ስለ ሆኑ በአሸዋ ላይ በጭንቅ ትሳባለች፤ በውኃ ውስጥ ግን የምትበር ትመስላለች። በዛሬው ጽሑፋችን ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ ያሰብነው፥ ሰዎች የዚህችን እንስሳ አኗኗር እንዴት አድርገው ለማወቅ እንደ ቻሉ ነው።

ሥራው ቀላል አልነበረም። የባሕር ኤሊ ዕድሜዋን ሁሉ ማለት ይቻላል የምታሳልፈው በባሕር ነው። ወደ ምድር የምትወጣው ሴቲቱ ናት፤ እርስዋም አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ወጥታ፥ እንቁላልዋን በአሸዋ ውስጥ ቀብራ ወዲያው ትመለሳለች። ወንዱ በብዙ ስፍራ ከእንቁላል ወጥቶ ባሕር ከገባ በኋላ ዳግመኛ የብስ አይረግጥም። እንግዲህ ተመራማሪው የሚያየው ከረዥም ዕድሜ ውስጥ ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው።

አርቺ ካር የተባሉት አሜሪካዊ የእንስሳት ሊቅ በ1955 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን) በኮስታ ሪካ፥ ቶርቱጌሮ በተባለው የካሪብ ባሕር ዳርቻ ይህን ምርምር ጀመሩ። ስፍራው ርዝመቱ 35 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነ አሸዋ ሲሆን፥ አረንጓዴ ኤሊ የምትባለው ዓይነት በብዛት የምትወጣበት ነው። በዚያ ዘመን የአገሩ ሰዎች በሌሊት እየዞሩ የወጡትን ኤሊዎች በጀርባቸው ይገለብጡ ነበር፤ የተገለበጠች ኤሊ መሄድ አትችልምና ሥጋዋ እስኪሸጥ ድረስ ባለችበት ትቆያለች።

ካርና ረዳቶቻቸው ግን ሊያርዱ ሳይሆን ምልክት ሊያደርጉ ወጡ። አስቀድመው በቅርፊትዋ ጫፍ ላይ ቁጥር ያለበት ብረት በሽቦ አሰሩ፤ ወንዱ ሊያጠቃት ሲወጣባት ብረቱ እየተፋቀ ወደቀ። ስለዚህ ለከብት ጆሮ የተሠራውን የብረት ምልክት ወስደው በፊት እግርዋ ላይ አደረጉት፤ ይህም ጸና። ሥራው የሚሠራው በጨለማ ነው፤ ብርሃን ካየች ሳትወልድ ትመለሳለችና። እንቁላል መጣል ከጀመረች በኋላ ግን በቀላሉ አትደነግጥም።

በብረቱ ላይ ቁጥርና የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ አድራሻ ተጽፎበታል፤ ብረቱን መልሶ ለሚልክም አምስት ዶላር እንደሚሰጠው ያስታውቃል። ከዚያ በኋላ ደብዳቤዎች ይመጡ ጀመር፤ አብዛኞቹም ከኒካራጓ፥ ከሚስኪቶ ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። በዚያ ባሕር ሥር ሰፊ የሣር መስክ አለ፤ ያደገች አረንጓዴ ኤሊ ደግሞ ምግብዋ በብዛት ሣር ነው። በዚህም ግጦሽዋ በአንድ አገር፥ የመውለጃ ስፍራዋ በሌላ አገር እንደ ሆነ ታወቀ። እናቲቱም ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቆይታ ወደዚያው አሸዋ ስትመለስ ታየች።

ነገር ግን ልብ ብለን ካሰብነው፥ በእነዚያ ደብዳቤዎች ውስጥ የሚያሳዝን ነገር አለ። ብረቱ ከእግርዋ ወልቆ በፖስታ የሚላከው ብዙውን ጊዜ ኤሊዪቱ ተይዛ ከታረደች በኋላ ነው። ሊቁ ስለ ሕይወትዋ የሚማሩት ከሞትዋ ነበር፤ ዓሣ አጥማጁም ባያርዳት ኖሮ ወዴት እንደ ሄደች ማን ይነግራቸው ነበር? የማያነብቡት ስንት ብረቶች በባሕር እንደ ቀሩ ማንም አይቈጥረውም። ከዚህም የባሰው፥ ከብዙ አገር ባሕር የሚሰበሰቡት እናቶች የሚወልዱበት አንድ ዳርቻ ከጠፋ፥ ጉዳቱ የኮስታ ሪካ ብቻ አለመሆኑ ነው። ካር ይህን በመጽሐፋቸው ከገለጹ በኋላ በ1959 ኤሊዎቹን የሚጠብቅ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1975ም ቶርቱጌሮ ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

በአትላንቲክ መካከል ያለችው አሴንሽን ደሴት ነገር ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። ስፋትዋ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በዚያ የሚወልዱት ኤሊዎች የሚግጡት ግን ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በብራዚል ዳርቻ ነው። ምድር እንደ ማግኔት ያላትን ኃይል የሚለዩ መሆናቸው በምርመራ ተረጋግጧል፤ ይህ ብቻ ደሴቲቱን ለማግኘት ይበቃቸው እንደ ሆነ ግን ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከሩበታል።

አሁን መንገዳቸውን ለማወቅ መታረዳቸውን መጠበቅ አያስፈልግም። በቅርፊታቸው ላይ ትንሽ መሣሪያ ይለጠፋል፤ ኤሊዪቱ ለመተንፈስ ብቅ ባለች ቁጥር ወደ ሳተላይት ምልክት ይልካል። ጫጩቶቹ ግን ለረዥም ጊዜ ምሥጢር ሆነው ቆዩ። ባሕር ገብተው ከዓይን የሚሰወሩበትን ጊዜ ካር «የጠፋው ዓመት» ብለውት ነበር። በ2014 በታተመ ጥናት ግን ተመራማሪዎች በፀሐይ ኃይል የሚሠሩ ትንንሽ መሣሪያዎችን በ17 ግልገል ኤሊዎች ላይ ለጥፈው ከፍሎሪዳ አጠገብ ለቀቋቸው። የግልገሎቹ ቅርፊት እየተላጠ መሣሪያው አልጣበቅ ብሎ ስላስቸገረ፥ መፍትሔው የተገኘው ከጥፍር ሠሪ ምክር ነው፤ ሴቶች ለጥፍራቸው የሚቀቡት ቅባት ያዘው። ግልገሎቹም እንደሚገመተው ወንዙን የመሰለውን የባሕር ሞገድ ብቻ ተከትለው አልቀሩም፤ ከፊሎቹ ወጥተው የባሕር አረም ወደሚንሳፈፍበት ወደ ሳርጋሶ ባሕር ገቡ።

ካር በ1987 ዐረፉ። በቶርቱጌሮ ግን ዛሬም በየወቅቱ በሌሊት አሸዋውን እየተመላለሱ ቁጥር የሚመዘግቡ ሰዎች አሉ። አንዲት አረንጓዴ ኤሊ ለመውለድ ሃያ፥ ሠላሳ ዓመት ወይም ከዚያም በላይ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ በሊቁ የመጨረሻ ዓመታት ከአሸዋው የወጡት ጫጩቶች ዛሬ እናቶች ሆነው ወደዚያው ሊወጡ ይችላሉ። በእግራቸው ላይ ብረት የለምና ግን መዝጋቢዎቹ እንደ አዲስ እንግዳ ይጽፏቸዋል።