የትግሉ ሜዳ የማን ነው?



«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ይላል ያገራችን ሰው። ይህ ተረት ለአሜሪካ የኮሌጆች የትግል ሻምፒዮና የተተረተ ይመስላል። ውድድሩ የሚጠራው በኮሌጆች ስም ነው፤ የሚታገሉትም ተማሪዎች ናቸው። ዳሩ ግን የውድድሩ ቦታ ሲመረጥ ከእኛ መካከል የተጠየቀ የለም፤ ከተመረጠም በኋላ ገብቶ ለማየት አቅም ያለው ጥቂት ነው። እኛ በዚህ አገር ዩኒቨርሲቲዎች የምንማር፣ ከታጋዮቹ ጋር በአንድ ክፍል የምንቀመጥና በአንድ አዳራሽ የምንመገብ ስለሆንን፣ ነገሩ የሌላ ሰው ጉዳይ ነው ብለን ዝም ልንል አይገባንም።

እስቲ ታሪኩን እናስታውስ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) የመጀመሪያው ብሔራዊ ውድድር በ1928 የተደረገው በአዮዋ ግዛት በኤምስ ከተማ፣ በኮሌጅ ግቢ ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ውድድሩ በአብዛኛው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲዞር ኖረ። በ1957 የአዮዋው ሳይመን ሮበርትስ ከጥቁር አሜሪካውያን መካከል የመጀመሪያው የኮሌጆች ሻምፒዮን የሆነው በፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1965 በዋዮሚንግ፣ በ1969 በዩታ፣ በ1973 በሲያትል ተደረገ። በ1970 ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንሥቶ ያልተሸነፈውን ዳን ጌብልን ላሪ ኦዊንግስ ድል የነሣው በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ነው። ይህን ሁሉ ታሪክ ተማሪው በገዛ ግቢው፣ በእግሩ ሄዶ ሊያይ ይችል ነበር።

ዛሬስ? በዩኒቨርሲቲ ግቢ የተደረገው የመጨረሻው ውድድር የ2001ዱ የአዮዋ ሲቲ ነው። ከዚያ ወዲህ ሜዳው የትልልቅ ከተሞች አዳራሽ ሆነ። ሴንት ሉዊስ ብቻዋን ከ2000 እስከ 2021 ዘጠኝ ጊዜ አስተናግዳለች። በ2023 ቱልሳ፣ በ2024 ካንሳስ ሲቲ፣ በ2025 ፊላዴልፊያ ተተኩ። ለ2020 የተመረጠው በሚኒያፖሊስ ያለው፣ ከስድሳ ሺህ በላይ ሰው የሚይዘው የአሜሪካ ኳስ ስታዲየም ነበር፤ ወረርሽኙ ውድድሩን ባያሰርዘው ኖሮ ሁለት ታጋዮችን ከዚያ ከፍታ ለማየት የሩቅ መነጽር ባስፈለገ ነበር።

አመራረጡን ደግሞ ልብ በሉ። ብሔራዊ የኮሌጆች ስፖርት ማኅበር ጨረታ ያወጣል፤ ከተሞች ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጣምረው ይወዳደራሉ። የወንበሩ ቁጥር፣ የሆቴሉ ክፍል፣ የአውሮፕላን ጣቢያው ቅርበት፣ የሚገኘው ገንዘብ ይመዘናል። ለአንድ ዓመት ብቻም አይደለም የሚወሰነው፤ በጥቅምት 2020 እስከ 2026 ያሉት ቦታዎች ባንድ ቀን ተነገሩ። በ2022 ትምህርቱን የጀመረ ተማሪ እስኪመረቅ ድረስ ያለው ሁሉ አስቀድሞ ተወስኖ ጠበቀው ማለት ነው። እርሱ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ዕጣው ወጣ!

ከእኛ መካከል አምስታችን አንድ ጊዜ የክፍል ጓደኛችን ሲታገል ለማየት ወደ አንዱ ከተማ ሄደን ነበር። ሌሊቱን በመኪና ተጉዘን ደረስን። የሆቴሉን ዋጋ ስንሰማ ደነገጥን፤ በከተማው የሚኖሩ ያገራችን ሰዎች ምንጣፍ አንጥፈው ባያሳድሩን መኪና ውስጥ ማደራችን ነበር። በአዳራሹ የደረሰን ወንበር ከጣሪያው ሥር ነበር። ከታች ስምንት ምንጣፍ ተዘርግቷል፤ ጓደኛችን በየትኛው ላይ እንዳለ ስንፈልግ ግጥሚያው አለቀ። ከፊት ያሉት ወንበሮች የማን እንደ ሆኑ ለማወቅ ጠይቀን ነበር፤ የተማሪ ግን አልነበሩም።

አዘጋጆቹ የሚያቀርቡት ምክንያት የለም አንልም፤ ሦስት ምክንያት አላቸው፤ አንድ ባንድ እንመልከተው።

አንደኛው «ሕዝቡ ብዙ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ አይበቃም» የሚል ነው። በእርግጥ ሦስት መቶ ሠላሳ ታጋዮች በዐሥር የክብደት መደብ ለሦስት ቀን ይገጥማሉ። በ2016 በኒው ዮርክ ከ110 ሺህ በላይ፣ በ2018 በክሊቭላንድ ከ113 ሺህ በላይ ተመልካች ተቆጥሯል። ነገር ግን ይህ ቁጥር የስድስት ክፍለ ጊዜ ድምር ነው፤ አንድ ሰው ስድስት ጊዜ ሲገባ ስድስት ሰው ተብሎ ይቆጠራል። ለስድስት ብናካፍለው በአንድ ጊዜ የሚቀመጠው ከዐሥራ ዘጠኝ ሺህ አይበልጥም። በአዮዋ ሲቲም ሆነ በፔንስልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያሉት አዳራሾች ዐሥራ አምስት ሺህ ያህል ይይዛሉ። እንግዲህ ክርክሩ ሁሉ ስለ አራት ሺህ ወንበር ነው። ለአራት ሺህ ወንበር ሲባል ውድድሩ ከቤቱ መሰደድ ነበረበት?

ሁለተኛው «ባለቤቱ ያደላል፤ በግቢው የሚታገል ይጠቀማል» የሚል ነው። በ1953 ፔንስልቬኒያ ስቴት በገዛ አዳራሹ ማሸነፉን አንክድም። ነገር ግን በ1993 በኤምስ፣ በአዮዋ ስቴት አዳራሽ ያሸነፈው ጎረቤቱና ባላንጣው አዮዋ ነው። በ1999 በፔንስልቬኒያ ስቴት ያሸነፈውም ያው አዮዋ ነው። በ2001 ደግሞ አዮዋ በገዛ ቤቱ ሳለ ሚኒሶታ አንድም ሰው ለፍጻሜ ሳያቀርብ፣ ዐሥሩንም ታጋዮቹን ከመጀመሪያዎቹ ስምንት ደረጃዎች ውስጥ አስገብቶ ዋንጫውን ወሰደ። ጎበዝ በሰው ቤትም ያሸንፋል። ደግሞስ ዳኛው አንድ ከሆነ የጩኸቱ ብዛት ትከሻን ምንጣፍ ያስነካልን?

ሦስተኛው የሆቴል ጉዳይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ከተሞች ብዙዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ እንግዳ ሲበዛባቸው ዋጋው ይንራል። ይህ ሐሰት አይደለም፤ ከሦስቱ ምክንያቶች እውነት ያለበት ይኸው ነው። ስለዚህ በየዓመቱ ወደ ግቢ ይመለስ አንልም። ነገር ግን ሆቴል አይታገልም! በመጋቢት ወር ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የዕረፍት ሳምንት አላቸው፤ የተማሪ መኝታ ቤት ባዶ ይሆናል። ፈቃድ ካለ እንግዳ ተማሪ የሚያድርበት አይጠፋም።

የምዕራቡ ጉዳይ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ከ2000 እስከ 2025 ውድድሩ ከኦክላሆማ ሲቲ ወደ ምዕራብ አንድ ጊዜም አልተሻገረም። በዚያ ወገን ያለው የትግል ስፖርት ግን በክር ላይ ተንጠልጥሏል። የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ በ2008 ቡድኑን ዘጋ። ስታንፎርድ በ2020 ትግልን ጨምሮ ዐሥራ አንድ ስፖርቶችን እንደሚያቆም አስታወቀ። በ2021 ሼን ግሪፊዝ የትምህርት ቤቱ ስም ያልተጻፈበት ጥቁር ልብስ ለብሶ በሴንት ሉዊስ ሻምፒዮን ሆነ፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ዩኒቨርሲቲው ውሳኔውን ሻረ። ያ ልጅ ቡድኑን ለማዳን ግማሽ አገር አቋርጦ መሄድ ነበረበት። ቡድኖቹ የሚዘጉት በውድድሩ ቦታ ምክንያት ብቻ ነው አንልም፤ የገንዘብና የአስተዳደር ሰበብ ሞልቷል። ነገር ግን ሩብ ምዕት ዓመት ሙሉ ታላቁን ውድድር በደጁ ያላየ ተማሪ ነገ ቡድኑ ሲዘጋ እንዲጮኽ መጠበቅ የዋህነት ነው። «ምዕራቡ ወንበር አይሞላም» የሚሉ አሉ። ያልዘሩትን ማሳ አዝመራ አልሰጠም ብሎ መክሰስ ይህ ነው።

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። በጥር 2025 የሴቶች ትግል ብሔራዊ ሻምፒዮና እንዲኖረው ተወስኗል፤ ለመጀመሪያውም ከአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ጋር ኩታ ገጠም የሆነችው ኮራልቪል ተመርጣለች። አዳራሹ ትንሽ ነው፤ ተማሪው ግን ቅርብ ነው። እኅቶቻችን የጀመሩበት መንገድ ትክክለኛው ነው እንላለን። ውድድራቸው ሲያድግ የወንዶቹ ዕጣ እንዳይደርሰው ከአሁኑ ነቅቶ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ስለዚህ የምንጠይቀው አራት ነገር ብቻ ነው፦

1ኛ/ ከአራት ውድድር ቢያንስ አንዱ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ይደረግ።

2ኛ/ በስምንት ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ምዕራብ ይሻገር።

3ኛ/ በየትኛውም አዳራሽ ቢሆን ከምንጣፉ አጠገብ ለተማሪዎች የተለየ ቦታ ይኑር፤ ተማሪ በሚችለው ዋጋም በየዩኒቨርሲቲው በኩል ይሸጥ።

4ኛ/ አንዲት ከተማ ስትመረጥ ለምን እንደ ተመረጠች፣ ሌላዋም ለምን እንደ ቀረች በዝርዝር ለተማሪው ይነገር።

መምህራኖቻችን ሆይ! በማኅበሩ ውስጥ ባለ በእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በስፖርት ጉዳይ የመምህራን ተወካይ አለ። ያ ሰው ከእናንተ አንዱ ነው፤ ቢሮውንም ታውቁታላችሁ። ይህን ወረቀት ይዛችሁ በሩን አንኳኩ። ጓደኞቻችን ሆይ! አንድ ተማሪ ቢጽፍ ደብዳቤው ከመሳቢያ አይወጣም፤ ሁሉም ማኅበር ቢጽፍ ግን መሳቢያው አይበቃም።

በቋንቋችን ትግል ማለት ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ በምንጣፍ ላይ የሚደረገው ነው፤ ሁለተኛው ስለ መብት የሚደረገው ነው። የመጀመሪያውን ለጓደኞቻችን ትተናል፤ እነርሱ ያውቁበታል። ሁለተኛው የእኛ ድርሻ ነው።