የዜግነት ወረቀት ስንት ያወጣል?

ካርታ በሌለው ቦታ ላይ ፎቅ የሚገነባ ነጋዴ የለም። ቀጣሪም እንዲሁ ነው፤ ነገ ከአገር ይወጣ ይሆናል ብሎ ለሚጠረጥረው ሠራተኛ የሥልጠና ወጪ አያወጣም። ሠራተኛውም መቆየቱን ሳያረጋግጥ ለቋንቋና ለሙያ ዓመታት አያጠፋም። ስለ ስደተኞች ገቢ ሲወራ ትጋታቸው ቢነሣም፣ ከትጋት ባላነሰ የሚወስነው ይህ ዋስትና ነው።

ማስረጃው ስዊዘርላንድ ነው። በዚያ አገር እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ድረስ አንዳንድ ማዘጋጃ ቤቶች ለስደተኞች ዜግነት የሚሰጡት በነዋሪዎች ድምፅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት በጥቂት ድምፅ ያለፉትንና በጥቂት ድምፅ የወደቁትን አመልካቾች አነጻጽሯል። ዜግነት ያገኙት በተከታዮቹ 15 ዓመታት በአማካይ በዓመት 5 ሺሕ ዶላር ያህል ብልጫ ያለው ገቢ አግኝተዋል። ይበልጥ የተጠቀሙት ደግሞ ከኅብረተሰቡ ይበልጥ የተገፉት ናቸው።

ይሁን እንጂ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። እ.ኤ.አ. በ1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል የተጓዙት ከ14 ሺሕ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ዜግነቱን ለማግኘት ዓመታት አልጠበቁም። ነገር ግን የእርሻ፣ የሸክላና የብረት ሥራ ሙያቸው በዚያ ኢኮኖሚ ገበያ አላገኘም። ቋንቋውም አዲስ ነበርና ብዙዎቹ በዝቅተኛ ደመወዝ ሥራ ላይ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 በኢየሩሳሌምና በቴል አቪቭ አደባባይ የወጡት ወጣቶች ዜጎች ነበሩ፤ የተቃወሙት አድልዎንና የፖሊስን ዱላ ነው።

ይህ ሒሳብ እኛንም ይመለከታል። አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በኢትዮጵያ ለተጠለሉ ስደተኞች የመሥራት መብት ሰጥቷል። ዜግነት ባይሆንም ትልቅ እርምጃ ነው። ቀጣሪና ባለሀብት የሚያዩት ግን ከአዋጁ ይልቅ መስኮቱን ነው። ፈቃዱ በስንት ቀን ይወጣል? ባንኩ መታወቂያውን ይቀበላል? የንግድ ፈቃድ በስሙ ይወጣለታል? በሰው ስም የሚነግድ ሰው ሱቁን አያሰፋም፣ በስሙ አይበደርም፣ በስሙ ግብር አይከፍልም። ኪሳራው የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የሚቀጥራቸው ሰዎችና የመንግሥት ካዝናም ይጎዳሉ።

ስለዚህ መንግሥት ፈቃዱን በአንድ መስኮትና በተወሰነ ቀን ይጨርስ፤ ቀጣሪዎችም በቋንቋና በሙያ ሥልጠና በኩል ድርሻቸውን ይወጡ። አለዚያ በአዋጅ የተሰጠው መብት ደረቅ ቼክ ሆኖ ይቀራል።