የለቀቀ ሠራተኛ ፈቃዱ ለምን ይቃጠላል?

ሠራተኛው የመልቀቂያ ደብዳቤውን ይዞ ፐርሶኔል ቢሮ ሲገባ ብዙ ጊዜ የሚጠብቀው መልስ «ፈቃድህ ተቃጥሏል» የሚል ነው። ማን አቃጠለው? በየትኛው ክብሪት?

አዋጅ አልጠፋም። በ1985 ዓ.ም. ቁጥር 42፣ በ1996 ቁጥር 377፣ በ2011 ደግሞ ቁጥር 1156 ወጥቷል። በዚህ በመጨረሻው መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ሥራ ላይ እያለ ፈቃድን በገንዘብ መለወጥ ክልክል ነው። ውሉ ሲቋረጥ ግን ያልወሰደው ፈቃድ ታስቦ ይከፈለዋል። «በራሱ ፈቃድ የለቀቀ አይከፈለውም» የሚል ነገር የለም!

ጭቅጭቁ ያለው እዚያ 30 ቀን ላይ ነው። ሠራተኛው «ፈቃዴን አሁን ልውጣበት» ይላል፤ አለቃው «መጀመሪያ ሥራ አስረክብ» ይላል። እውነቱን እንነጋገር፤ የፈቃድ ፕሮግራም የሚያወጣው አሠሪው ስለሆነ አለቃው እምቢ ሊል ይችላል። እምቢ ካለ ግን ይክፈላ! ዓመቱን ሙሉ «ሥራ በዝቷል» እያለ ፈቃድ ሲከለክል የኖረ አለቃ፣ በመጨረሻው ወር ቀኑንም ገንዘቡንም ሲነፍግ ምን ይባላል? በእኛ ቋንቋ ዝርፊያ ነው።

ለነገሩ ፈቃዱ ራሱ ተሸርሽሯል። በ2011 የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ ከ14 ወደ 16 የሥራ ቀን ከፍ አለ ተብሎ ተጨበጨበ። ግን ድሮ በየዓመቱ የሚጨመረው 1 ቀን በየ2 ዓመቱ ሆነ። 11 ዓመት ያገለገለ ሰው በቀድሞው ስሌት 24 ቀን ነበረው፤ በአዲሱ 21 ነው። በቀኝ እጅ ሰጥቶ በግራ መንጠቅ ይሏል ይህ ነው! የተረፈችውን ደግሞ አለቃ ሲያቃጥላት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮዎች የት ናቸው? የሠራተኛ ማኅበራትስ?

ወገን ሆይ፣ እስከዚያው ራስህን ጠብቅ። ማስጠንቀቂያህን በጽሑፍ ስጥ፤ ቀሪውን አስፈርመህ ያዝ። የተፈረመ የፈቃድ ወረቀት ሳይኖርህ «ፈቃዴ ነው» ብለህ አትቅር፤ ማስጠንቀቂያውን ያልጠበቀ ሠራተኛ እስከ 30 ቀን ደመወዝ ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። ክፍያህን ከከለከሉህም በ«ነገ ና» አትታለል፤ ክሱ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ያኔ ፈቃድህ በእርግጥም ተቃጠለ ማለት ነው።